ከቱሉ ዲምቱ እስከ ዛንዚባር፦ ኪስ የማያራቁት አጭር የደሴት ጉዞ አወጣጥ

ዛንዚባር ውድ አይደለችም። ውዱ እዚያ መድረሱ ነው። ቲኬቱም፣ ቪዛውም፣ ኢንሹራንሱም የሚከፈለው ገና ከአዲስ አበባ ሳትወጡ ነው። ደሴቷ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ግን፣ የአገሬው ሰው በሚበላበት ከበላችሁና በሚሳፈርበት ከተሳፈራችሁ፣ የቀን ወጪው ያን ያህል አያስደነግጥም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ ግማሽ ያህሉ ስለ ባሕር ሳይሆን ስለ ወረቀትና ስለ ቅደም ተከተል ነው። ቅር እንዳይላችሁ።

የምጽፈው በተለይ እንደኔ ከተማው ዳር ለሚኖር ሰው ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ጀሞ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ያላችሁ። ደመወዝ ጠብቃችሁ የምትኖሩ፣ ዕቁብ የምትጥሉ፣ ከቤት እስከ ቦሌ ያለው መንገድ ራሱ አንድ ጉዞ የሆነባችሁ።

ለምን ዛንዚባር?

ለእኛ የሚቀርቡን የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ብዙ አይደሉም። ሲሸልስ ቪዛ አትጠይቅም፤ ከመሄዳችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላት ነው። ግን አልጋውም ምግቡም ያቃጥላል። ማልዲቭስ ለሁሉም አገር ዜጋ ማለት ይቻላል ሲደርስ የ30 ቀን ቪዛ በነጻ ትሰጣለች፤ እዚያም ቲኬቱና ከደሴት ደሴት የሚያመላልሰው ጀልባ ሲደመር ቀላል አይሆንም። የኬንያዋ ላሙ ደግሞ አለች። ኬንያ ኢትዮጵያዊን ቪዛ ስለማትጠይቅ ወረቀቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ከተማዋም ከመኪና ይልቅ አህያ የሚበዛባት አሮጌና ጸጥ ያለች ናት። ግን ናይሮቢ ደርሳችሁ ሌላ አውሮፕላን መያዝ አለባችሁ፤ በመኪና የሚኬደው መንገድ በጸጥታ ችግር ስሙ ስለሚነሳ አልመክረውም። ቪዛ አልሆን ካላችሁ ግን ላሙን እንደ ሁለተኛ አማራጭ ያዟት።

ዛንዚባር መሃል ላይ ትወድቃለች። ቪዛ ትፈልጋለች። በአንጻሩ ከቦሌ ቀጥታ በረራ አላት፣ ቀጥታው ሦስት ሰዓት አይሞላም። ርካሽ አልጋና የሕዝብ ትራንስፖርትም አላት። (ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ናት፤ ዛንዚባር ስል ዋናዋን ደሴት ኡንጉጃን ማለቴ ነው፤ ፔምባ ሌላ ናት።)

አንደኛ፦ ወሩን ቁረጡ

ብዙ ሰው ከቲኬት ይጀምራል። ከወር ጀምሩ። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ድረስ ይዘንባል፣ እነሱ ማሲካ ይሉታል። ያኔ አልጋ ይረክሳል፣ ግን የሚዘጉ ማረፊያዎች አሉ፤ አራት ቀን ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ሁለቱን ዝናብ ከበላበት ምን ቀረው? ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ መግቢያ አጭር ዝናብ አለ፣ እሱ መጥቶ ይሄዳል፣ ይቻላል። ጥርና የካቲት ደረቅ ነው ግን ሙቀቱ ከባድ ነው።

ደስ የሚለው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ለእነሱ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ነው። ማለትም እኛ ጭቃ ውስጥ ቦት ጫማ አድርገን ታክሲ ስንጠብቅ እዚያ ፀሐይ ነው። ችግሩ ሐምሌና ነሐሴ አውሮፓውያንም እረፍት ላይ ናቸውና ዋጋ ይወጣል። በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሰሞንም እንዲሁ። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ሰኔ መጀመሪያን፣ ወይም ከመስቀል በኋላ ያሉትን ሳምንታት ነው። ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ያላችሁ ጳጉሜን ሞክሩ፣ ያኔ የአውሮፓው ግርግር መቀነስ ይጀምራል።

ረመዳንንም አስሉ። ደሴቷ ላይ የሚበዛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፣ በጾሙ ቀን ቀን የሰፈር ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ቱሪስት የሚበላባቸው ክፍት ሆነው ይቆያሉ ግን እነሱ ውድ ናቸው። በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ የዘንድሮው የት እንደሚውል እዩ። ለሚጾም ሰው ግን በተቃራኒው ነው፣ የማታው ድባብ ራሱ ለጉዞው ይበቃል።

ሁለተኛ፦ ወረቀት፣ በዚሁ ቅደም ተከተል

ፓስፖርቱ ከመግቢያ ቀናችሁ ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው፣ ባዶ ገጽም ይኑረው። ከሌላችሁ ወይም ሊያልቅ ከሆነ ሌላውን ሁሉ አቁሙና መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ፓስፖርት በእጅ ሳይገባ በቅናሽ ተገኘ ተብሎ ቲኬት አይገዛም።

ቀጥሎ የቢጫ ወባ ክትባት። ታንዛኒያ ቢጫ ወባ ካለበት አገር የሚመጣን ሰው ካርድ ትጠይቃለች፣ ኢትዮጵያም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ናት። ክትባቱ እንደተሰጠ የሚቆጠረው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት ሮጣችሁ ብትወጉ ካርዱ አይረዳችሁም። ድሮ የተከተባችሁ ካላችሁ ደግሞ እንደገና አትወጉ፤ ከ2016 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ሕግ መሠረት አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ካርዱ ላይ ለ10 ዓመት ተብሎ ቢጻፍም እንኳ። ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር በላስቲክ እሰሩት። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም።

ሦስተኛው ቪዛ ነው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ከመሄድ በፊት ማመልከት ነው የሚያዋጣው፣ እዚያ ደርሼ እጨርሳለሁ ብላችሁ እንዳትነሱ። ማመልከቻው በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን የኢ-ቪዛ ገጽ ላይ ነው፣ ተራው የአንድ ጊዜ መግቢያ 50 ዶላር ነው። ተመሳስለው የተሠሩ ገጾች ሞልተዋል፤ 50 የነበረውን 120 አድርገው ይቀበሏችኋል። ትክክለኛው የመንግሥት ገጽ ነው፣ አድራሻው በጎ ዶት ቲዜድ ያልቃል። መልሱ በስንት ቀን እንደሚመጣ ማንም ቃል አይገባላችሁም፣ ከአንድ ወር በላይ ቀደም ብላችሁ አስገቡ። ጥያቄ ካላችሁ አዲስ አበባ ኤምባሲ አላቸው።

ፎርሙ ላይ አንድ የእኛ ችግር አለ። የቤተሰብ ስም ይላል፣ እኛ ደግሞ የለንም። ግምት አያስፈልግም፦ ፓስፖርታችሁ ላይ ፎቶው ካለበት ገጽ ግርጌ ሁለት ረጃጅም መስመሮች አሉ፣ በላይኛው መስመር ከአገሩ ኮድ ቀጥሎ መጀመሪያ የተጻፈው ስም ለማሽኑ የቤተሰብ ስም ነው። ቪዛውም፣ ቲኬቱም፣ ኢንሹራንሱም ላይ ልክ እንደዚያው ጻፉ፣ አንድ ፊደል ሳትጨምሩ። የልደት ቀንም ፓስፖርቱ ላይ ያለው የፈረንጁ ነው፣ የቀበሌ መታወቂያችሁን አትገልብጡ።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ በሙሉ የዛንዚባርን የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት አለበት። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ እስከ 92 ቀን ይሠራል፣ ከ3 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ ግማሽ ነው። ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ማለት አያድንም፣ ይሄኛው የግድ ነው። በኢንተርኔት ይገዛል፣ የሚላክላችሁን ኮድ አትማችሁ ያዙ።

ሦስተኛ፦ ሒሳቡ

አሁን ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ቪዛ 50፣ ኢንሹራንስ 44፣ 94 ዶላር ገና ሻይ ሳትጠጡ ወጣ። አራት ሌሊት ብታድሩ፣ የሆስቴል ወይም ርካሽ የእንግዳ ማረፊያ አልጋ በሌሊት 20 ዶላር ብንይዝለት 80፣ ምግብ 60፣ ትራንስፖርት 30፣ አንድ የጀልባ ጉዞና ጥቃቅን መግቢያዎች 40። ድምሩ 304 ዶላር፣ ቲኬቱ ለብቻው። የኔ ግምት ነው፣ እጃችሁ ክፍት ከሆነ ጨምሩበት።

ከዚህ ውስጥ ማየት ያለባችሁ ነገር ቪዛውና ኢንሹራንሱ፣ ቲኬቱም፣ ሁለት ሌሊት አደራችሁ ስድስት አይለወጡም። ተጨማሪ ሌሊት የሚያስወጣችሁ አልጋና ምግብ ብቻ ነው፣ 35 ዶላር ገደማ። ስለዚህ ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ጉዞውን ወደ ሁለት ሌሊት አትቁረጡት፣ እሱ ነው በጣም ውዱ ዛንዚባር። አራት ወይም አምስት ሌሊት ጥሩ ነው።

የብሩን በኩል ደግሞ ዕቁብ ላይ አድርጉት። የምር ነው። ከጓደኛ ጋር የምትሄዱ ከሆነ አንድ ዕቁብ ውስጥ ግቡና ዕጣችሁን ወደ ቲኬት መግዣው ወር ማስጠጋት ይቻል እንደሆነ ዳኛውን ቀደም ብላችሁ አናግሩ፤ ዕጣ መለዋወጥ የተለመደ ነው። ባንክ አካውንት ውስጥ ያለ ብር ለሠርግም ለልቅሶም ይነካል፣ ዕቁብ ላይ ያለ አይነካም።

ዶላሩን ከባንክ ግዙ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ዋጋው ከባንክ ባንክ ይለያያል፣ ኮሚሽኑም እንዲሁ፣ ስለዚህ ደመወዝ የሚገባላችሁን ባንክ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስቱን ጠይቁ። ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ያያሉ። ለመንገደኛ በውጭ ምንዛሪ የሚሞላ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ካርድ የሚያወጡም አሉ፣ እሱ ካርድ ለኢንሹራንሱ ይጠቅማል። ለቪዛው ግን አይደርስም፣ ምክንያቱም ባንኩ ራሱ ቪዛ አምጡ ይላችኋላ። ለዚያ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ይክፈልላችሁ፣ ካልሆነ ኤምባሲውን ጠይቁ።

ጥሬ ዶላር ስትቀበሉ ኖቱን እያገላበጣችሁ እዩ። የተቀደደ፣ የተጻፈበት፣ ወይም በፈረንጅ ከ2006 በፊት የታተመ ኖት እዚያ አንቀበልም የሚሉ ብዙ ናቸው። ባንክ ቤት መስኮቱ ላይ እያላችሁ ቀይሩልኝ በሉ፣ ከወጣችሁ በኋላ ጉዳዩ የናንተ ነው።

አራተኛ፦ ቲኬትና አልጋ

ቪዛው ሲመጣ ቲኬቱን ቁረጡ። የአየር መንገዳችን መተግበሪያ ላይ በብር፣ በቴሌብርም ጭምር መክፈል ይቻላል። ሐሙስና ዓርብ መሄድ እሑድ መመለስ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ስለሆነ ማክሰኞና ረቡዕን አብራችሁ አወዳድሩ። በረራው ቀጥታ መሆኑንም እዩ።

አልጋ ሁለት ቦታ ያዙ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ሁለት ሌሊት ስቶን ታውን (አሮጌው የከተማው ክፍል)፣ የቀረውን አንድ የባሕር ዳር መንደር። በየቀኑ ቦታ መቀየር አጭር ጉዞን ይበላል። አልጋ ስትይዙ በየሌሊቱ በሰው የሚከፈል የመንግሥት የመሠረተ ልማት ክፍያ አለ፣ ዋጋው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ደርሳችሁ ስትከፍሉ ያናድዳል።

የቱ መንደር? ይሄ ነጥብ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሰው ፎቶ አይቶ ይይዝና ደርሶ ባሕሩን ያጣዋል። ቀልድ አይደለም። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ ባሉበት፣ ዳርቻው ጠፍጣፋ ስለሆነ ውሃው ሲጎድል ብዙ መቶ ሜትር ይሸሻል፤ ለመዋኘት ሳይሆን ለመራመድ ነው የምትገቡት። በዚያ ሰዓት ሴቶች የባሕር አረም የሚያለሙበትን ማሳ ታያላችሁ፣ እሱም ደስ ይላል፣ ግን ባዶ እግራችሁን አትሂዱ፣ እሾሃማ የባሕር ፍጥረት አለ። ሙሉና አዲስ ጨረቃ ሰሞን ሙላቱም ጉድለቱም ይብሳል። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ያስዋኛሉ፣ በምላሹ ሰው ይበዛል፣ ዋጋም ትንሽ ይጨምራል። መዋኘት የመጣችሁበት ጉዳይ ከሆነ ሰሜን፣ ጸጥታና ርካሽ አልጋ ከሆነ ጃምቢያኒ። ፓጄ ለወጣትና ለሙዚቃ፣ ንፋሱ ሲነሳ ደግሞ በካይት ለሚንሸራተቱት። ከመያዛችሁ በፊት የዚያን ሳምንት የባሕር ሙላት ሰዓት በስልካችሁ ፈልጉ፣ በነጻ ይገኛል።

አምስተኛ፦ ከቤት እስከ ቦሌ

ለውጭ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ነው። በረራው ጠዋት 4 ሰዓት ከሆነ 1 ሰዓት ቦሌ መሆን አለባችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከሰበታ ለሚነሳ ሰው ይሄ ማለት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በር መዝጋት ነው። በዚያ ሰዓት ሰፈራችሁ ውስጥ በመተግበሪያ መኪና መጥራት ዕድል ነው፣ አንዳንዴ ይመጣል አንዳንዴ ይሰርዝባችኋል። ማታውኑ የሰፈር ሹፌር በኮንትራት ተስማሙ፣ ዋጋውን ጨርሱ፣ ጠዋት ደውሎ እንዲቀሰቅሳችሁ ንገሩት። ባቡሩ ኤርፖርት አይደርስም፣ አትቁጠሩት። ሱሉልታ ያላችሁ የእንጦጦን መንገድ፣ ጭጋጉንም የጭነት መኪናውንም፣ አስቡበት።

ከዚያ የመንገድ መዝጋት አለ። የደመራ ዕለት፣ የታላቁ ሩጫ እሑድ፣ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን ከተማው እንደሚሆነው ታውቁታላችሁ። በነዚያ ቀናት አንድ ሰዓት ጨምሩ ወይም ቦሌ አካባቢ ያለ ዘመድ ቤት አምሹ።

አንድ የእጅ ቦርሳ ይበቃል፣ እስከ 7 ኪሎ። ጋቢና ወፍራም ሹራብ ቤት ይቅር። ቀጭን ጥጥ ልብስ፣ ከጉልበት በታች የሚደርስ ቀሚስ ወይም ሱሪ፣ ነጠላ (ፀሐይ ላይ፣ ንፋስ ላይ፣ ከውሃ ስትወጡ፣ ሁሉ ቦታ ይሠራል)፣ ሰንስክሪን፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ኮፍያ። የእኛ ቻርጀር ሁለት ክብ እግር ነው፣ የነሱ ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ፣ ስለዚህ አዳፕተር ከዚሁ ከመርካቶ ግዙ። በፌስታል ጠቅልላችሁ አትሂዱ፤ እዚያ ፌስታል የተከለከለ ነው።

ቦሌ ላይ የኢሚግሬሽን መኮንኑ ለምን እንደምትሄዱ ቢጠይቅ አትደንግጡ፣ በተለይ ብቻዋን የምትሄድ ወጣት ሴት ይህን ጥያቄ ትጠብቅ። የመመለሻ ቲኬት፣ የአልጋ ማረጋገጫና ከመሥሪያ ቤት የእረፍት ደብዳቤ በወረቀት ይዞ መቅረብ ነው። አጭር መልስ ስጡ።

ስድስተኛ፦ ስትደርሱ

ከአውሮፕላን ስትወርዱ ሙቀቱ ፊት ይመታል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወደ ባሕር ወለል ወርዳችኋል። ውሃ በብዛት ጠጡ፣ የታሸገውን፣ የቧንቧ አይደለም።

ኤርፖርት ላይ ጥቂት ዶላር ብቻ መንዝሩ፣ የቀረውን ከተማ ውስጥ። አንድ ዶላር 2,500 ሽልንግ ገደማ ብላችሁ አስቡ፣ በጭንቅላት ለማስላት ይቀላል። በመንደሮቹ ኤቲኤም እንደ ልብ ስለማይገኝ ከስቶን ታውን ስትወጡ የሚበቃችሁን ያዙ።

ኤርፖርቱ ከከተማ ሩቅ አይደለም። የታክሲ ሹፌሮች ይከቧችኋል፣ የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምታችሁ ዝም በሉ፣ ይወርዳል። ዳላ ዳላ የሚሉት የእነሱ ሚኒባስ አለ፣ ቁጥር 505 ከኤርፖርት ከተማ ያስገባል። ወደ ኑንግዊ 116፣ ወደ ጃምቢያኒ 309 ነው። ዋጋው ከታክሲው ጋር አይወዳደርም፣ በአንድ ዶላር አካባቢ ደሴቷን ከጫፍ ጫፍ ትሻገራላችሁ። ረዳቱ ይጮኻል፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ይላል፣ ዶሮም ሙዝም አብሮ ይሳፈራል። ለአዲስ አበባ ሰው ምንም አዲስ ነገር የለውም። ፈረንጅ የሚፈራው ነገር እኛን አያስፈራንም፣ ይሄ ትልቅ ቁጠባ ነው። ሲመሽ ግን ይቆማል፣ ስለዚህ ወደ መንደር የምትሄዱት ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ ይሁን።

ሰዓቱ ላይ ደስ ትሰኛላችሁ። ከእኛ ጋር የሰዓት ልዩነት የለንም፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሉ ሁለት ሰዓታችን ነው። ግን ጎብኚ ሲያዩ ወደ ፈረንጁ ይቀይራሉ። ስለዚህ ከጀልባ ወይም ከመኪና ሹፌር ጋር ስትቀጣጠሩ በየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ፣ ካልሆነ ስድስት ሰዓት ትለያያላችሁ።

መኪናው በግራ ነው የሚሄደው። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ሞተር መከራየት ያምራል ግን የዛንዚባር የማሽከርከር ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፣ ፖሊስም መንገድ ላይ ያስቆማል፤ ለአራት ቀን ዳላ ዳላ ይሻላል።

አረጋዊ ስታገኙ ሺካሞ በሉ፣ ማራሃባ ይሏችኋል። እኛ አገር ተነስቶ እጅ እንደመንሳት ነው፣ ፊታቸው ይፈታል፣ ዋጋም አንዳንዴ አብሮ ይወርዳል። ከባሕር ዳር ውጪ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ ሴትም ወንድም። የባሕር ዳር ደላሎች ይከተሏችኋል፣ አይ አመሰግናለሁ ብላችሁ መራመድ ነው፣ ቆማችሁ ከተከራከራችሁ አለቀ።

ሰባተኛ፦ መብላትና ማየት

ስቶን ታውን ማታ ፎሮዳኒ የሚባል የባሕር ዳር መናፈሻ አለ፣ የምግብ ገበያው እዚያ ነው። ሚሽካኪ የሚሉት በእንጨት የተሰካ ጥብስ፣ የዛንዚባር ፒዛ (ስሙ ነው እንጂ የታጠፈና የተጠበሰ ቂጣ ነው)፣ የሸንኮራ ጭማቂ በዝንጅብልና በሎሚ። ዋጋ ሳትጠይቁ አንድ ነገር እንዳትነኩ። የባሕር ምግቡ ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ ሳይሸጥ የቆየ እንደገና ይሞቃል፤ ፊታችሁ ከጥሬው የሚጠበሰውን ምረጡ። ኡሮጆ የሚባለውን መረቅ ግን በቀን፣ የሰፈር ሰው ተሰልፎ ካለበት ጠጡት፣ ድንቹም ፍርፍሩም ውስጡ ነው፣ ለድሃ ኪስ የተሠራ ምግብ ነው። የምትጾሙ ደግሞ አትራቡም፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ፣ ሩዝ፣ ቻፓቲ፣ ጎመን በየሰፈሩ አለ። በጾም ዓሣ መብላት አለመብላቱ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

ከተማዋን በእግር ዙሩ። ከ2000 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናት፣ መንገዶቹ ጠባብና ጠማማ ናቸው፣ መጥፋታችሁ አይቀርም፣ ባሕሩ ሩቅ ስላልሆነ አትጨነቁ። አስጎብኚ የሚያስፈልጋችሁ የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ገበያው የተዘጋው በፈረንጆች በ1873 ነው፣ ቦታው ላይ ካቴድራል ተሠርቷል፣ ምድር ቤቱ ግን አለ። ከዚያ ወጥታችሁ ጆውስ ኮርነር የሚባለው አደባባይ ላይ ሽማግሌዎች የሚጠጡትን ቡና ቅመሱ። በትንሽ ስኒ ነው፣ የእኛን አይደርስበትም፣ ግን ወሬው ይመሳሰላል።

የጀልባ ጉዞ አንድ ብቻ ምረጡ። ቻንጉ ደሴት፣ የእስር ቤት ደሴት የሚሏት፣ ከስቶን ታውን ቅርብ ናት። እስር ቤቱ ተሠርቶ እስረኛ ሳይገባበት ቀርቶ ቢጫ ወባ ለሚጠረጠርባቸው ማቆያ ሆኗል፣ አሁን ያሉት ትልልቅ ኤሊዎች ናቸው፣ ዘራቸው በፈረንጆች በ1919 ከሲሸልስ በስጦታ የመጣ። ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ተጋርታችሁ ግቡ፣ ጀልባው ዋጋው በጀልባ ነው እንጂ በሰው አይደለም፣ ስድስት ስትሆኑ ይረክሳል። መዋኘት የማትችሉ ጀልባው ላይ ሳትወጡ በፊት የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ጠይቁ፣ ከሌለ አትሂዱ። ከሐይቅ ጋር አይመሳሰልም፣ ባሕር ይጎትታል።

ወደ ደቡብ ምሥራቅ መንደር ስትሄዱ መንገዱ ላይ ጆዛኒ ደን አለ፣ ሌላ አገር የማይገኝ ቀይ ጦጣ ያለበት። ዳላ ዳላው በሩ ላይ ያወርዳችኋል፣ ለብቻ ጉብኝት መግዛት አያስፈልግም። ቅመም ከጉብኝት እርሻ ሳይሆን ከዳራጃኒ ገበያ ግዙ፣ ቅርንፉዱና ቀረፋው ያው ነው። ዛጎል ከባሕር ለቅማችሁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ ኤርፖርት ላይ ይያዛል።

ስምንተኛ፦ ወባ

አዲስ አበባ ወባ ስለሌላት እንረሳዋለን። ዛንዚባር በብዙ ቀንሳለች፣ አልጠፋም። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፣ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋችሁ እንደሆነ እሱ ይወስን፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካለ። ማታ ማታ እጅጌ ያለው ልበሱ፣ አጎበር ውስጥ ተኙ፣ አጎበሩ ቀዳዳ ካለው ቀይሩልኝ በሉ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ ሻይ በሎሚ አትጠጡ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱና ዛንዚባር እንደነበራችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ ካልነገራችሁት አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ቀድሞ ወባን አይጠረጥርም።